ዕቃው የማን ነበር? የተረሳ የከተማ ባንድን መነሻ ፈልጎ ማግኛ መንገድ

አጎቴ ሲያርፍ ከአልጋው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ውስጡ የጡረታ ደብተር፣ ሁለት ከረባትና አንድ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ነበር። ካሴቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የኛ ባንድ፣ ደ/ብርሃን» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ የለም። የተጫዋች ስም የለም፣ ዓመተ ምሕረት የለም።

ስሰማው ፀጉሬ ቆመ። ኤሌክትሪክ ጊታር አለ፣ ኦርጋን አለ፣ ሳክስፎን አለ። ድራሙ በችክችካ ይነሣና መሃል ላይ ሳይታሰብ ወደ ሮክ ይገለበጣል። ጊታሩ እንደ መንዝ ፎካሪ ይሸልላል። ዘፋኝ የለውም። ጃዝ-ሮክ ነው። ብርዷ አጥንት በሚሰብረው በዚችው ደብረ ብርሃን የተቀዳ ጃዝ-ሮክ! አጎቴ ግን ሙዚቀኛ አልነበረም። ዕድሜውን ሁሉ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ታዲያ «የኛ» ያለው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት አራት ዓመት ፈጀብኝ። ሦስቱን ዓመት በተሳሳተ መንገድ ነው የሄድኩት። እናንተ እንዳትደክሙ የሠራልኝን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከፍቼ እንዲህ ያለ ካሴት፣ ፎቶ ወይም ወሬ በእጃችሁ ከገባ ይጠቅማችኋል። ዋናውን ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ዘፋኙን አትፈልጉ። ዕቃውን ፈልጉ፤ የሙዚቃ መሣሪያውን ማለቴ ነው። ምክንያቱን እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ካሴቱን አድኑ

ካሴት ሲገኝ እጅ ወዲያው ወደ ቴፕ ይሄዳል። ትንሽ ታገሡ። ለ40 ዓመት ያልተነካ ክር ገና ሲጫወት ሊበጠስ ይችላል።

ከብርድ ቤት ያመጣችሁት ከሆነ አንድ ቀን ሙሉ በደረቅ ክፍል ይረፍ። ከዚያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጆሮዎች እዩ። ካልተሰበሩ ስበሯቸው። እነሱ ከሌሉ በስህተት የመቅጃው ቁልፍ ቢጫን እንኳ አይቀዳበትም። ቀጥሎ ክሩን ከቴፑ ማንበቢያ (ሄድ) ጋር የምታጣብቀዋን ትንሿን ስፖንጅ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ማጣበቂያዋ ደርቆ ትወድቃለች። ከወደቀች ከማያስፈልግ ሌላ ካሴት አውጥታችሁ ተኩ። ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ግን አታጫውቱት፤ ለባለሙያ ስጡት።

የቴፑን ሄድ በጥጥና በአልኮል አጽዱ። ክሩን በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ ጥቂት ዙር አዙሩት፤ ከያዘ አታስገድዱት። ከዚያ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝታችሁ በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅዱት። በዋቭ ፋይል፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ይሁን። አንድ ሰዓቱ 2 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒስሪ ከዚያ ታወጣላችሁ። ሲሾሽሽ ሰምታችሁ ለማጽዳት አትቸኩሉ። ዋናው ቅጂ እንዳለ ይቀመጥ። እኔ መጀመሪያ ያጸዳሁት ቅጂ ላይ የጄኔሬተሩን ድምፅ አጠፋሁት። በኋላ ያ ድምፅ ትልቅ ምስክር እንደነበር ገባኝ።

ፍጥነቱንም ጠርጥሩ። ባትሪው በደከመ ቴፕ የተቀዳ ካሴት ደህና ቴፕ ላይ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ሰው ሲናገር የሚሰማበትን ቦታ ፈልጉና ንግግሩ የሰው ንግግር መምሰሉን በጆሯችሁ ለኩ። የእኔ ካሴት ትንሽ ፈጥኖ ነበር። ሳስተካክለው የአጎቴ ሳቅ ከኋላ ተሰማኝ። እዚያ ጋ ቴፑን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ቀጥሎ እንደ መርማሪ ስሙት

አንድ ጊዜ ለደስታ ስሙት፤ ይገባችኋል። ከዚያ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ።

የመድረክ መሪ ካለ አነጋገሩ ዘመኑን ይነግራችኋል። «ግርማዊነታቸው» ካለ ከአብዮቱ በፊት ነው። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ካለ ከ1966 መጨረሻ ወዲህ ነው። «ጓዶች» ካለ የደርግ ዘመን ነው። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ቤታችሁ ግቡ የሚል ከተሰማም ያው ነው። ሰዓት እላፊው የሌሊት ሙዚቃን ለዓመታት አንቆ ይዞት ነበር። አንዳንድ ቦታ ጨዋታ ከሰዓት በኋላ የሆነው በዚህ ነው።

መሣሪያዎቹን ቁጠሩ። ትንፋሽ መሣሪያ በዝቶ፣ አንድ ላይ ተነሥቶ አንድ ላይ የሚቆም ከሆነ ከተጫዋቾቹ አንዱ ወታደር ቤት ወይም ፖሊስ ሠራዊት የሠለጠነ ሊሆን ይችላል። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ለአገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበሩ። ከዚያ የወጣ ሰው በጡረታም በዝውውርም ክፍለ ሀገር ይገባል። ጊታር፣ ቤዝ፣ ኦርጋንና ድራም ብቻ ከሆነ ወጣቶች ተሰብስበው ያቆሙት ሊሆን ይችላል። ይህ ግምት ነው፤ ማስረጃ አይደለም። ግን የት እንደምትጀምሩ ይጠቁማችኋል።

ቅኝቱንም ለዩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺ ሆዬ? ትዝታን በሮክ ድራም ላይ የጫነ ልጅ አዲስ አበባ የሚሠራውን ሰምቷል ማለት ነው። በሸክላ ሰምቶት ይሆናል፣ በሬዲዮ ሰምቶት ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። የደሴና የአስመራ መንገድ በመሃሏ ያልፋል። የኤን ትሬ ከባድ መኪና ሾፌር ጠዋት አዲስ አበባ የገዛውን ካሴት ምሳውን ሲበላ እኛ ጋ ያጫውተው ነበር።

የታወቀ ዜማ ከተጫወቱ ትልቅ ዕድል ነው። ያ ዜማ የወጣበትን ዓመት ካወቃችሁ ቅጂው ከዚያ ወዲህ መሆኑን አወቃችሁ። የአዲስ አበባውን ዘመን በእጃችሁ ያዙ። አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያውን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ሌላው የሸክላ አሳታሚ ካይፋ ተከትሎት መጣ። ሙላቱ አስታጥቄ ጃዙን ከእኛ ቅኝት ጋር አዋሕዶ ኒው ዮርክ ላይ ያሠራው ታዋቂ አልበም እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። ዋልያስ ባንድ በሙዚቃ መሣሪያ ብቻ የተሠራውን አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1977 አወጣ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሸክላው ቀረና ካሴት ቦታውን ወሰደ። በ1997 እ.ኤ.አ. የጀመረው የፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ተከታታይ የሲዲ ሥራ ላይ ያሉት ማብራሪያዎች የዚያን ጊዜ የተጫዋቾችን ስም ለማግኘት ይረዳሉ። የእኛን ባንድ ግን እዚያ አታገኙትም። የእኛው በሸክላ አልታተመም።

የቦታውንና የዘመኑን ስም አስተካክሉ

እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የባከንኩት እዚህ ላይ ነው። «ሰሜን ሸዋ» እያልኩ መዝገብ አስገለብጣለሁ። የለም ይሉኛል። የለማ! በንጉሡ ዘመን ሸዋ አንድ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን አብዛኛው ደግሞ አንድ ክፍለ ሀገር ነው፤ ሥራው የሚሠራው በአውራጃ ነው። ሰሜን ሸዋ ራሱን የቻለ አስተዳደር የሆነው በ1980 ዓ.ም. ገደማ፣ ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲመሠረት በመጣው አከላለል ነው።

ስለዚህ ደብረ ብርሃንን የምትፈልጉ «ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ» በሉ። ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን «ይፋትና ጥሙጋ» ሥር ፈልጉ። መሐል ሜዳ «መንዝና ግሼ» ነው። ዓለም ከተማ «መርሐቤቴ» ነው። ፍቼ «ሰላሌ» ነው። ይህን ባወቅኩ በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያዋን ወረቀት አገኘሁ።

ዓመቱም ያሳስታል። ሸክላ ላይና የውጭ መጽሐፍ ላይ ያለው የፈረንጅ ዘመን ነው። ሽማግሌ «በ72 ነው» ሲሏችሁ ደግሞ በእኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. 1979 ወይም 1980 ማለታቸው ነው። ሁለቱን ከቀላቀላችሁ ባንዱ ሳይወለድ ታስረጁታላችሁ። ደብተራችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8 ዓመት።

ሰው ፍለጋ

ዘፋኙንና ሊድ ጊታር ተጫዋቹን ሁሉም ሰው ይፈልጋል። እነሱ ብዙ ጊዜ ከከተማው ወጥተዋል፣ ወይም አርፈዋል። ዕቃውን በጋሪ የጫነው ልጅ ግን እዚሁ አለ። ዩኒፎርማቸውን የሰፋው ልብስ ሰፊ አለ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሣው ሰውዬ አለ። ልምምድ ሲጨርሱ ሻይና ዳቦ በዱቤ የሚያበሏቸው እትዬ አሉ። ፎቶ ቤት የነበረው ሰው ልጅ የአባቱን ኔጋቲቭ በካርቶን አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ጀምሩ።

ዕድር ጥሩ በር ነው። የዕድር ጸሐፊዎች ማን የማን ቤተሰብ እንደሆነ፣ ማን የት እንደሄደ፣ ማን መቼ እንደሞተ ያውቃሉ። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ስለ ባንድ አትጠይቁ እንጂ ዕድሩ በሚሰበሰብበት ቀን አንድ የምታውቁት ሰው ያስተዋውቃችሁ። በእኔ በኩል ያስተዋወቀችኝ እናቴ ነች። «የእከሌ የእህት ልጅ ነው» የሚለው አንድ ቃል ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል።

ሲገቡ ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ እንደ ዕድሜያቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን መቅጃ አታውጡ። ቡና ጠጡ። ካሴቱን አሰሟቸው። ይህ ከማንኛውም ጥያቄ ይሻላል። አንድ እናት ጊታሩ ሲጀምር እጃቸው ላይ የያዙትን ስኒ አስቀመጡና «ይኼ እኮ ልጁ ነው፣ ያ ቀጭኑ!» አሉ። ስሙ አልመጣላቸውም። ግን ቤቱን ያውቁታል። ቤቱን አሳዩኝ።

በሁለተኛው ቀን ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱ። ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን ቅጂው መጀመሪያ ላይ ራሳችሁ ተናገሩ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» አትበሉ። ሰው ቁጥር አያስታውስም፤ ሲጨንቀው የመጣለትን ይናገራል። በሚያስታውሰው ነገር ጠይቁ፦

– ከእድገት በኅብረት ዘመቻ በፊት ነው በኋላ?
– የሶማሌ ጦርነት ጊዜ ይጫወቱ ነበር?
– የ77ቱ ድርቅ ሲመጣ ባንዱ ነበር?
– እርስዎ ያኔ አግብተው ነበር? የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?
– መብራቱ ከጄኔሬተር ነበር? እስከ ስንት ሰዓት?
– ለመግባት ይከፈል ነበር? ስንት?
– ዕቃው ሌሊት የት ያድር ነበር?

የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሷት። ሌላው ሁሉ የሚፈታው በእሷ ነው።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ያለው የቀይ ሽብር ጊዜ በብዙ ቤት ቁስል ነው። ባንዱ ለምን እንደተበተነ ስትጠይቁ የሰው ፊት ከጠቆረ አቁሙ። አትጎትጉቱ። ኦርጋኑን ይጫወት የነበረው ልጅ የት ደረሰ ስላቸው አንድ ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ስለ ገብሱ ማውራት ጀመሩ። እኔም ስለ ገብሱ አወራሁ። ከስድስት ወር በኋላ ራሳቸው ደውለው ጠሩኝና ነገሩኝ። የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። የእሳቸው ነው።

ዕቃውን ተከተሉ

አሁን ወደ ዋናው መጣን።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የአንድ ትንሽ ከተማ ወጣት ክራር ሊሠራ ይችላል። ዋሽንት ሊሠራ ይችላል። አምፕሊፋየር ግን አይሠራም። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ አምፕሊፋየር፣ ድራም፣ ሳክስፎን በአንድ አስተማሪ ደመወዝ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም። ስለዚህ ከዕቃው ኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ተቋም አለ። ትምህርት ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ሚሲዮን፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ የቀበሌ፣ የወጣቶች ማኅበር ወይም የአውራጃ የኪነት ቡድን። ባንዱ ስም ሊቀይር፣ ዘፋኝ ሊለውጥ፣ ፈርሶ ሊነሣ ይችላል። ዕቃው ያው ነው። ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ ካወቃችሁ የባንዱን መነሻ አገኛችሁ።

የመንግሥት ዕቃ ደግሞ ያለ ወረቀት አይንቀሳቀስም። ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል የገቢ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባል የወጪ ደረሰኝ ይፈረምበታል። ሙዚቀኛው ይረሳል፣ ጋዜጣው አይዘግብም፣ ሞዴል 22 ግን «ጊታር ኤሌክትሪክ 1፣ ድራም ከነሙሉ ዕቃው 1» ብሎ ከነፊርማው ይቀመጣል። ዕቃውን ተረክቦ ፊርማውን ያኖረው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባንዱ መሪ ነው።

እንዴት ትጠይቃላችሁ? መሥሪያ ቤቱ ሄዳችሁ «ስለ ሙዚቃ ባንድ ታሪክ» ካላችሁ ባህል ክፍል ይመሯችኋል፤ እዚያ የቆየ ወረቀት ላይኖር ይችላል። «የድሮ ንብረት መዝገብ» በሉ። ዓመቱን በግምት ጥቀሱ። ማመልከቻ በጽሑፍ አስገቡ፣ ለምን እንደምትፈልጉት በሁለት መስመር ግለጹ፣ ቅጂውን ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ጡረታ የወጡትን የንብረት ክፍል ሠራተኞች ደግሞ ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ። እነዚህ ሰዎች በቁጥር የኖሩ ናቸው። ስንት ወንበር እንደነበር እንኳ ያስታውሳሉ።

የሚያሳዝነውን ልናገር። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያገኘሁት የ1960ዎቹ መዝገብ ግማሹ ዝናብ በልቶታል፣ ግማሹ ደግሞ ቦታ ያጣብባል ተብሎ ተቃጥሏል። ያቃጠሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ስለዚህ ወረቀት ስታገኙ በዕለቱ ፎቶ አንሡት። ነገ እመለሳለሁ አትበሉ።

ለእኔ የተረፈችልኝ አንዲት ጥራዝ ነበረች። ገልጬ ገልጬ አንድ ሞዴል 22 ላይ ቆምኩ። በ1971 ዓ.ም. ከአንድ ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ለአውራጃው የኪነት ቡድን በውሰት የወጡ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዝርዝር ነው። «ዕቃውን ያስረከበ» በሚለው ቦታ ላይ ያለው ፊርማ የአጎቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀስ በቀስ ቦታ ቦታውን ያዘ። ዕቃው የተገዛው ከአብዮቱ በፊት ለትምህርት ቤቱ ነበር። ተማሪዎቹ ለወላጆች በዓል ይጫወቱበት ነበር። ያሠለጠናቸው ከሠራዊት ቤት የመጣ ትራምፔት ነፊ ነው። በ1967 ዘመቻው መጣ። የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ገጠር ዘመቱ። በአገር ደረጃ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ነው የዘመተው። ባንዱ በአንድ ቀን ተበተነ። ዕቃው ተቆለፈበት። ለአራት ዓመት አቧራውን እያራገፈ፣ አይጥ እንዳይበላው እየጠበቀ፣ ድራሙን ከዝናብ እያሸሸ የቆየው አጎቴ ነው። የኪነት ቡድኑ ሲቋቋም ከድሮዎቹ ልጆች የተረፉት ሦስቱ ተመለሱ። ቀን ቀን የታዘዙትን መዝሙር ይለማመዳሉ። ማታ በሩን ዘግተው የሚወዱትን ይጫወታሉ። በሩን የሚዘጋላቸው ቁልፍ ያዡ ነው። ካሴቱን የቀዳው እሱ ነው። «የኛ» ያለው ለዚህ ነው።

ኪነት ቡድን ሲባል አትናቁ። ብዙ ሰው «የደርግ መዝሙር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን በየክፍለ ሀገሩ ኤሌክትሪክ ጊታር ለመጀመሪያ ጊዜ በልጅ እጅ የገባው በብዙ ቦታ በኪነት በኩል ነው። የወሎው ላሊበላ ኪነት እነ ማሪቱ ለገሠን አፍርቷል። የእኛም ወገን ምን እንዳፈራ ገና አልተመዘገበም።

ዕቃው ራሱ በሕይወት ካለ ቁጥሩን ፈልጉ። ሳክስፎን ከኋላ በኩል፣ ከአውራ ጣት ማሳረፊያው አካባቢ የተቀረጸ ቁጥር አለው። ጊታር አንገቱ ጀርባ ወይም አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት ብረት ላይ ሊኖረው ይችላል። በቁጥሩ ፋብሪካው የሠራበትን ዘመን ማወቅ ይቻላል። ጠንቃቃ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ሞዴል 19 ላይ ጽፎታል።

አዲስ አበባ ያሉ ወረቀቶች

ይህን በመጨረሻ አድርጉት። ስም፣ አውራጃና ዓመት ሳትይዙ ከሄዳችሁ ቀናችሁ በከንቱ ያልቃል። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የድሮ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዞች አሉ። በፍለጋችሁ ዓመት የአብዮት በዓልን፣ የሜይ ዴይንና የአውራጃ የኪነት ውድድርን ዘገባ ብቻ ምረጡና አንብቡ። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም የዘመኑ መጽሔቶች አሉት። መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላ ማንም የማያስበው ምንጭ አለ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ያስተምሩ ነበር። ካሜራ ነበራቸው። የትምህርት ቤት በዓል፣ ሰልፍ፣ ሙዚቃ አንሥተዋል። ዛሬ አርጅተው ፎቷቸውን የሚሰጡት ሰው የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። የቀድሞ መምህራኑ የራሳቸው ማኅበር አላቸው። በትሕትና ጻፉላቸው። እኔ ጽፌ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ባለቀለም ፎቶ መጣልኝ። ከኋላ፣ ጥላው ውስጥ፣ ድራም ይታያል።

ወሬው ሲጋጭ

ይጋጫል። አንዱ «የመሠረትኩት እኔ ነኝ» ይላል፣ ሌላው «እሱማ በኋላ የመጣ ነው» ይላል። ማንንም ውሸታም አታድርጉ። ለአንዱ ባንዱ የተጀመረው ዕቃው የመጣ ቀን ነው። ለሌላው እሱ የገባ ቀን ነው። ሁለቱንም እንደተናገሩት ጻፉ። ከዚያ ወረቀት ወይም ፎቶ የሚደግፈውን ለዩ። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፦ ደብተሬን በሦስት ቀለም ነው የምጽፈው። በወረቀት ያየሁትን በጥቁር፣ እርስ በርስ ያልተማከሩ ሁለት ሰዎች የነገሩኝን በሰማያዊ፣ አንድ ሰው ብቻ ያለውን በእርሳስ። በእርሳስ ያለው ብዙ ነው። አብዛኛው ውበቱም እዚያ ነው።

ከማሰራጨታችሁ በፊት

ካሴቱን ያገኘ ሰው ባለቤቱ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ተጫዋቾቹም የ50 ዓመት ጥበቃ አላቸው። በ1971 ወይም በ72 የተቀዳ ነገር ዛሬም የሰዎቹ ነው፣ ካረፉም የወራሾቻቸው ነው። ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ያገኛችኋቸውን ቤተሰቦች በጽሑፍ አስፈርሙ። ገንዘብ ቢመጣ እንዴት እንደሚከፈል ከአሁኑ ጻፉት። የአንዱ ቤተሰብ ፈቃድ የሌላውን አይተካም። የባንዱን ስምና የልጆቹን ስም እዚህ ያልጠራሁት ለዚህ ነው። አንድ ቤተሰብ ይቀረኛል።

ለእያንዳንዱ ቤት ግን ቅጂ አድርሱ። ቴፕ ለሌላቸው በፍላሽ፣ ፍላሽ ለማያውቁት በልጆቻቸው ስልክ። ያቺ «ቀጭኑ ልጅ» ያሉት እናት ቤት ስወስድ የልጁ ታናሽ ወንድም መጥቶ ጠበቀኝ። ወንድሙ ሲጫወት በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማው። ከዚያ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ከሞዴል 22ቱ ዝርዝር ውስጥ ጊታሩን፣ ኦርጋኑንና የድራሙን አንድ ክፍል አግኝቻቸዋለሁ። ሳክስፎኑ አልተመለሰም። አጎቴ ከስሙ ጎን «አልገባም» ብሎ በቀይ ጽፎበታል፣ ቁጥሩንም አስፍሮታል፤ የሚያልቀው በ47 ነው። ከጣርማ በር ወዲያም ሆነ ወዲህ፣ ቤታችሁ ቆጥ ላይ የድሮ ሳክስፎን ካለ አውርዳችሁ ጀርባውን እዩልኝ።